ስድስቱ ቅጠሎች

በዘጠኝ ዓመቴ ከአክስቴ ቤት አንድ ሌባ አባርሬአለሁ። ሰውየው ሌባ አለመሆኑ የታወቀው ካባረርኩት ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን በሥራዬ ኮርቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ቀሚስ ነው። እናቴ ነርስ ነበረች። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ለግማሽ ቀን ብቻዬን ቤት ትታኝ ሄደችና፣ እኔም ለአሻንጉሊቴ ጉርድ ቀሚስ ልሠራ ብዬ ከክት ቀሚሷ ጀርባ ላይ ክብ ጨርቅ ቆርጬ አወጣሁ። ከጀርባ የቆረጥኩት በብልሃት ነው፤ ከፊት ካልታየ ማን ያውቃል? እናቴ ለብሳው ግብዣ ልትሄድ ስትወጣ ግን ጎረቤታችን ከኋላዋ ሆና፣ "ምነው፣ ነፋስ አይገባብሽም?" አለቻት።

በማግስቱ እጄን አንጠልጥላ መንገዱን አሻገረችኝና አክስቴ ደጃፍ ላይ አቆመችኝ።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ መቀስ ወዳለች። ወይ አስተምሪያት፣ ወይ እጇን እሰሪልኝ።"

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ አልወለደችም። ሥራዋ የአልጋ ልብስ መሥራት ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቅጠልና አበባ እየቆረጠች በነጭ ጨርቅ ላይ በእጇ ትለጥፋለች፤ ሲያልቅ ከሥሩ ጥጥ፣ ከጥጡ ሥር ገበር ታደርግና ሦስቱን በደቃቅ ስፌት አንድ ታደርጋቸዋለች። ያንን ሥራ "ድሪቶ" ብሎ የጠራ ሰው ሁለተኛ ደጇን አይረግጥም። "ድሪቶማ ቀዳዳ ነው የሚሸፍነው፤ የኔ ምን ይሸፍናል?" ትላለች። ጥያቄ መስሎኝ አንድ ቀን፣ "አልጋ" ብዬ መለስኩላት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት አንዲት ቅጠል ስሰፋ ነው። ቅጠሏ መጀመሪያ በወረቀት ትቆረጣለች። ወረቀቷ ጨርቅ ላይ ትደረግና ዙሪያዋ በእርሳስ ይሰመራል፤ ከመስመሩ ውጭ የሩዝ ፍሬ ስፋት የምታህል ትርፍ ተትታ ጨርቁ ይቆረጣል። እዚህ ድረስ ማንም ይችላል፤ በተለይ እኔ። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ ትርፍ አስቀድማ አትታጠፍም፣ አትተኮስም። እየሰፉ፣ በዚያው በሚሰፉበት መርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ ጠረግ፣ ጠረግ ትደረጋለች። በግራ አውራ ጣት ትያዛለች። ከዚያ መርፌው ከታጠፈው ጠርዝ አንድ ሁለት ክር ብቻ ነከስ አድርጎ ይወጣና እዚያው ጎኑ ይጠልቃል። ክሩ ለዓይን ከታየ አልተሰፋም ማለት ነው።

"ጨርቁን አትግፊው፤ ለምኚው" ትለኛለች።

"ጨርቅ እንዴት ነው የሚለመነው?"

"እናትሽን ከረሜላ ስትለምኚ እንደምታደርጊው።"

እናቴን ከረሜላ የምለምናት መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ስለነበር ምክሩ ብዙም አልጠቀመኝም።

ከሁሉ የባሰው የቅጠሏ ጫፍ ነው። እንደ እሾህ መሾል ሲገባው የኔ ይደድራል፣ ይወፍራል፣ ዳርና ዳሩ ተተልትሎ የፍየል ጺም ያወጣል። አክስቴ ዓይኗን እንኳ ሳትጥልበት በአውራ ጣቷ ትዳብሰውና፣ "ተርትሪው" ትላለች። እተረትራለሁ፤ እንደገና እሰፋለሁ፤ "ተርትሪው።" ስሜን ትታ "ችኩሌ" ማለት የጀመረችውም ያኔ ነው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ግን አፍሰሽም አትለቅሚ።"

ጠልታኛለች ብዬ ደመደምኩ። ዛሬ እኔ ራሴ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ይህንኑ ሥራ አስተምራለሁ፤ እጁ ተስፋ የሌለውን ልጅ "ጎበዝ፣ ጥሩ ነው" ብዬ አሳልፈዋለሁ። "ተርትሪው" የምለው ይሆንላታል ብዬ ላሰብኳት ብቻ ነው። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

እንዲህ እየተረተርኩ ሳለ ነው ጋሽ ሜትር የመጣው።

ጋሽ ሜትር ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ብሎ ይጠራዋል። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጫማውን ወልውሎ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨርቅ ይዞ ከተፍ ይላል። ሁልጊዜ የሚናገረው አንድ ነው።

"ቁርጥራጭ ተርፎኝ ነው። ከምጥለው ብዬ።"

"እግዜር ይስጥልኝ። አረፍ ይበሉ" ትላለች አክስቴ።

አረፍ ይላል። ሻይ ይጠጣል። ሁለተኛ ይጠጣል። ስለ ክር ዋጋ መወደድ አንድ ነገር ይላል። አክስቴ ትሰፋለች፤ እሱ እጇን ያያል። ቶሎ አይሄድም።

እኔ ከማዕዘኔ ሆኜ ሁሉንም እከታተላለሁ። ለምሳሌ አክስቴ ማክሰኞና ዓርብ ሲሆን ሽርጧን ታወልቃለች። ጠላት ሲመጣ ለሩጫ እንዲመቻት ይመስለኝ ነበር። ያመጣቸውን ጨርቆች ደግሞ ከሄደ በኋላ አንድ በአንድ እየዘረጋች በመዳፏ ትዳብሳቸዋለች። የተመረዘ ነገር እንዳይኖርበት እየመረመረች ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ከልብስ ሰፊ ሱቅ የሚወጣ ቁርጥራጭ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የብብት ቅርጽ ይዞ እንደ ጨረቃ የጎበጠ፣ የአንገት ቅርጽ ይዞ የተቦደሰ፣ አንዱም ካንዱ የማይገጥም ነው። ጋሽ ሜትር የሚያመጣቸው ጨርቆች አራት ማዕዘን ነበሩ። አራቱም ጠርዛቸው ቀጥ ያለ። አክስቴ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አይታዋለች፤ አንድም ቀን ግን አልተናገረችም።

የሚፈልገውን ነገር ያወቅኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አክስቴ ማንም እንዲነካባት የማትፈቅድ አንድ መቀስ ነበራት። ጋሽ ሜትር ጎንበስ ብሎ አየውና፣ "ስሉ ደከም ብሏል። ልውሰደውና ልሳልልዎት?" አላት። እኔን መቀሱን በሩቁ እንኳ ሳየው የምትቆጣ ሴትዮ፣ "ካላስቸገርኩዎት" ብላ በእጇ ሰጠችው! ዓርብ ስሎ መለሰው። አልተታለልኩም። ሌባ መጀመሪያ ታማኝ መስሎ ይለማመዳል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከሥራ ስትመለስ እኔን ልትወስድ ጎራ አለችና ከአክስቴ ጋር ሲኒ እያጠቡ ያወሩ ጀመር። እኔ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ መርፌ እፈልግ ነበር።

"ሰውየው ዓይኑን ጥሏል፣ እትዬ። ሳይወስድ የሚመለስ አይመስለኝም" አለች እናቴ።

"ተይ እባክሽ። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።"

"እንቅልፍ ከምታጪ በሩን ገርበብ አድርጊለት።"

"ስምንት ዓመት ዘግቼ ኖሬ?"

"ስምንት ዓመትማ በቃ! አንድ ቀን ጭልጥ ብሎ ይጠፋና ትጸጸቻለሽ።"

ክው አልኩ። ዓይኑን መጣሉን አውቄአለሁ፤ አክስቴም ፈርታ እንቅልፍ ማጣቷ ያለ ነው። የገዛ እናቴ ከሌባ ጋር ተባብራ "በሩን ገርበብ አድርጊለት" ትላለች ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሜትር ሲመጣ መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቼ እቀመጥበት ጀመር። መቀስ ላይ መቀመጥ እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

"ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምትቁነጠነጠው?" አለ አንድ ቀን።

"ሥራ ሲያስጠላት እንዲህ ያደርጋታል" አለች አክስቴ።

ወሳኙ ዓርብ መጣ። አክስቴ ያለቀ የአልጋ ልብስ ለማድረስ ወጣች። ስትወጣ፣ "ለጠርዙ ስድስት ቅጠል በወረቀት ቆርጠሽ ጠብቂኝ። ጠንከር ያለ ወረቀት ፈልጊ፤ የደብተር ወረቀት ይልፈሰፈሳል" አለችኝ። ቤቱን ብበረብር ጠንካራ ወረቀት የለም። ይህኔ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ሜትር ነው። የዛን ቀን ጨርቅ አልያዘም። አክስቴ እንደሌለች ስነግረው ያዘነም የተገላገለም መሰለ። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"ይህን ለአክስትሽ ስጪልኝ። በእጇ። ሌላ ሰው እንዳያየው፣ እሺ?"

"እሺ" አልኩ፤ በሩንም ዘጋሁበት።

ገለጥኩት። ፊደል አውቃለሁ፤ የጋሽ ሜትር ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረችው መሬት ነው። ከላይ እስከ ታች ፈትሼ አንዲት ቃል ብቻ ለየሁ። "ቅዳሜ" ትላለች። ነገሩ ሁሉ በራልኝ፤ የሚሰርቅበትን ቀን ቆርጧል! ሌባ ቀን ቆርጦ ለባለቤቷ በጽሑፍ ያሳውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ አልመጣብኝም። የመጣብኝ ሌላ ሐሳብ ነው። ወረቀቱን በጣቶቼ መካከል አሸት አደረግኩት። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ለስላሳ። እንደዚያ ያለ ወረቀት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ስድስት ቅጠል ወጣው። ያን ቀን የቆረጥኳቸው ጫፎች እንደ እሾህ የሾሉ ነበሩ። የተረፈውን ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ቅጠሎቹን ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌ በብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኩ። አክስቴ ስትመጣ አይታ፣ "ደህና ወረቀት አግኝተሻል" አለች። ከእሷ አፍ የወጣ የመጀመሪያው ምስጋና ስለነበር ስለ ሌባው ላወራ ብዬ ተውኩት። በዚያ ላይ ላስፈራት አልፈለግኩም፤ ቅዳሜን እኔው እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መቀሱ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ማንም አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ዓርብም። ድሉ የኔ ነበር።

አክስቴ ግን ድል ያደረገ ሰው አልመሰለችም። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሽርጧን አውልቃ፣ ሁለት ሲኒ አቅርባ ተቀመጠች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲመሽ አንዱን ሲኒ ማንም ሳይጠጣበት አጥባ መለሰችው። በሁለተኛው ሳምንት ሽርጧን አላወለቀችም። በሦስተኛው ሳምንት ጣቷን ወግታ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ አደረገች፤ እሷ፣ መርፌ ነክቷት የማያውቃት ሴትዮ። ነጭ ክር በምራቋ አርሳ ደሙን እየነካካች ስታነሳ አየኋት። ላጽናናት ፈለግኩ።

"አይዞሽ አክስቴ፣ ከእንግዲህ አይመጣም።"

እጇ ቆመ። "ማን?"

"ጋሽ ሜትር ነዋ። ከእንግዲህ ቀርቷል።"

"ማን ነገረሽ?"

"እኔ አውቃለሁ" አልኩ፣ ምስጢር እንደያዘ ሰው አንገቴን ነቅንቄ።

ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ብዙ ቆየች። ጀርባዋን አይቼ እፎይ ብላ ነው አልኩ። ያን ቀን ሰፈሩ ስለ እሷ እያወራ፣ ልጅ ሳይቀር ሰምቶ የሚያዝንላት እንደመሰላት የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ስትነግረኝ ጆሮዬን ጠምዝዛው ነበር፣ ለቀረው ቅጣቴ ብላ።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠርዙን ጀመረች። ጠርዙ ላይ ቅጠሎቹ ሦስቱ ወደ ቀኝ፣ ሦስቱ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ወደ ግራ የሚያዘነብለውን ለማውጣት ደግሞ ወረቀቱ ይገለበጣል። አክስቴ ከጣሳው ቅጠሎቹን አወጣች። ሦስቱን አስቀምጣ አሰመረች። አራተኛውን አንስታ ገለበጠችው።

እርሳሱ ከእጇ ወደቀ።

"ችኩሌ" አለች በቀስታ። "ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?"

የምሞገስበት ሰዓት መድረሱ ነው ብዬ ተነስቼ ቆምኩ። "ከሌባው ነው የወሰድኩት! ቅዳሜ መጥቶ መቀስሽን ሊሰርቅ ነበር!"

ትመታኛለች ብዬ የፈራሁት ያኔ ነው፤ ፊቷ ያስፈራ ነበርና። አልመታችኝም። ወንበሯ ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠችና ስድስቱንም ገለበጠቻቸው። እናቴ ከሥራ ስትመጣ እንዲሁ እንደተቀመጠች አገኘቻት።

ሁለቱ እህቶች ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን ያገጣጥሙ ጀመር። የመጀመሪያው ላይ "ይህን ስጽፍ እጄ" ይላል። ሁለተኛው ላይ "ቁርጥራጭ አይደለ"። ሦስተኛው "ሽን እስከ ቅዳሜ"። አራተኛው "ዝም ካልሽኝ"። አምስተኛው "ስቸግርሽ"። ስድስተኛው የወረቀቱ ግርጌ ነበርና ባዶ ነው።

"ካልሽኝ" አለች አክስቴ፣ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ። "አየሽ? አንቺ ብሎኛል። አንድ ቀን ከእርስዎ ወርዶ አያውቅም።"

እናቴ የምትስቅበትን አፏን በመዳፏ ይዛ፣ "እሱን ተይውና ይህን እይ። 'ላስቸግርሽ' ነው የሚለው። ዝም ካልሽኝ መጥቼ ላስቸግርሽ!" አለች።

"አይደለም። 'አላስቸግርሽም' ነው። ዝም ካልሽኝ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።" የአክስቴ ድምፅ ሰለለ። "እኔም ዝም አልኩት።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከዳር "አላ"ን፣ ከዳር "ም"ን ቆርጬ ምድጃ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ በግማሽ የገባኝ። ማልቀስ ጀመርኩ።

"ዝም በይ፤ ማልቀስ ያለባት እሷ ናት" አለችኝ እናቴ። ቀጥላም ለእህቷ፣ "ተነሺ፤ ሂጂ።"

"ምን ብዬ? ደብዳቤዎን ቅጠል አደረግነው ብዬ?"

"ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ። ራሷ ትናገር።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄድን። አክስቴ ሁለት ቀሚስ ለብሳ አወለቀች፤ በሦስተኛው ወጣን። ብስኩት ጣሳው በእኔ እጅ ነበር። ጋሽ ሜትር የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ የሰው ሱሪ ይሰፋል። ሲያየን እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ፤ ብድግ አለና የሚቆምበት ጠፋው።

"ንገሪው" አለችኝ አክስቴ።

"ሌባ መስለውኝ ነው" አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

"ሌባ? ምን ልሰርቅ?"

"መቀሱን።"

ጋሽ ሜትር ወደ አክስቴ አየ። አክስቴ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ቅጠሎቹን ጨርቅ በሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። አንዱን አንስቶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና፣ "ጥሩ ቆርጣዋለች" አለ። ሌላ የሚለው ጠፍቶት ነው እንጂ እኔን ለማመስገን አልነበረም።

"ያየሁት ትናንት ነው" አለች አክስቴ። "የጎደለ አለው። ይኸኛው ላይ... ፊቱና ኋላው ተቆርጧል። ምን ነበር ያሉት?"

ጋሽ ሜትር "ስቸግርሽ" የሚለውን ቅጠል ብዙ አየው።

"አላስቸግርሽም ነው ያልኩት" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ዝም ካልሽኝ፣ ማለቴ... ዝም ካሉኝ... ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።"

አክስቴ የተፈታ ክር ከጠረጴዛው አንስታ መጠቅለል ጀመረች። ጠቅልላ ስትጨርስ አስቀመጠችው።

"እንግዲህ ያስቸግሩኝ" አለች።

ሃያ ሦስት ዓመት አስቸገራት። እሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ "አንቺ" ሲላት፣ እሷ "እስክለምድ ነው" እያለች እስከ መጨረሻው ቀን "እርስዎ" እንዳለችው ቀረች። እኔ ያን ቀን ግን ከዚህ ሁሉ የገባኝ ነገር አልነበረም። የገባኝ ሰውየው መቀስ እንደማይፈልግ፣ እኔም እንዳጠፋሁ ብቻ ነው።

ከሱቁ ስንወጣ አክስቴ እጄን ያዘች።

"ቤት ስንደርስ እቆጣሻለሁ። መንገድ ላይ ሰው ፊት አልቆጣም" አለችኝ።

አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት። ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ አለፈች።

"አክስቴ፣ ቤት በዚህ ነው።"

"አውቃለሁ።"

በትምህርት ቤቱ አጥር ዞረን፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ወርደን፣ በጎማ ጠጋኙ ደጅ አድርገን ተመልሰን መታጠፊያው ጋ ደረስን። አሁንም አለፈችው። ያገኘችውን ሰው ሁሉ ቆማ ሰላም ትላለች፤ የማታውቀውን ሳይቀር። እጄን እንደያዘች ነው፤ እርምጃዋ ግን ከእኔ ጋር የምትሄድ አይመስልም። መታጠፊያውን ለሦስተኛ ጊዜ ስናልፈው ግን እግሬ ዝሎ፣ ጫማዬ ተረከዜን ልጦት፣ መንገዱ መሐል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"አክስቴ፣ በናትሽ፣ እዚሁ ተቆጪኝና እንግባ" አልኳት።